የአካል ጉዳተኛው መኪና፦ ከቀረጥ ነፃው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ?

በአገራችን የመኪና ገበያ ጎማም ሞተርም ሳይኖረው ሲሸጥ የኖረ አንድ ዕቃ አለ። ስም ይባላል። ሻጩ ብዙውን ጊዜ እግሩ ወይም እጁ የተጎዳ ሰው ነው፤ ገዢው ገንዘብ ያለው፣ ቀረጥ መክፈል ግን የማይፈልግ ሰው ነው፤ በመካከላቸው ደላላ አለ። ውክልና ይጻፋል፣ መኪናው በአካል ጉዳተኛው ስም ከቀረጥ ነፃ ይገባል፣ የስሙ ባለቤት ጥቂት ብር በኪሱ ይዞ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መኪናውን ዳግመኛ የሚያየው ምናልባት በአጠገቡ ሲያልፍ ነው።

ይህ ንግድ በአዲስ አበባ አድጎ ወደ ክልል ከተሞች የወረደ ነው። ዛሬ ግን ነገሩን እንደገና ማስላት የሚያስፈልግበት ምክንያት ተፈጥሯል። በጅግጅጋ ደመወዝ የሚበላ አንድ አካል ጉዳተኛ አሠሪው "መኪና እንስጥህ" ቢለው፣ በሌላ በኩል ደግሞ በስሙ ከቀረጥ ነፃ መኪና ማስገባት እንደሚችል ቢያውቅ፣ የትኛውን ይያዝ? ከጥቂት ዓመታት በፊት መልሱ አያጠያይቅም ነበር፤ ከቀረጥ ነፃው። አሁን እንደዚያ አይደለም። ሒሳቡ የተገለበጠው የአካል ጉዳተኞች መብት ስለተነካ ሳይሆን፣ በዙሪያው ያለው የታክስ ሥርዓት ስለተለወጠ ነው።

በመጀመሪያ መኪና ለዚህ ሰው ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። ጅግጅጋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች አስፋልት ቢሆኑም ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ አሸዋና ኮረት ነው። ተሽከርካሪ ወንበር በአሸዋ ላይ አይገፋም። ባጃጅ እንደ ልብ ይገኛል፤ ነገር ግን ባጃጅ ክራንች ለያዘ ሰው ጠባብ ነው፣ ወንበሩን አጣጥፎ ለመጫን ደግሞ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሥራው ከከተማ የሚያስወጣ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፦ ቶጎ ውጫሌ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቀብሪበያህ ከ50 ያላነሰ፣ ሐረር ማርዳን ተሻግሮ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሚኒባስ ላይ ተሰቅሎ ለመሄድ ሁለት ጤነኛ እግር ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ ደግሞ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የተቀበረ ፈንጂ ከጦርነቱ በኋላም ለረጅም ዘመን የሰው እግር ሲበላ የኖረ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሰው መኪና የክብር ዕቃ አይደለም። የሥራ መሣሪያ ነው፤ ያለ እርሱ ደመወዝ የለም።

ከቀረጥ ነፃው መብት የመጣው ከዚህ ሐሳብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። የገንዘብ ሚኒስቴር በመመሪያ የፈቀደው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ በጉዳቱ ምክንያት ተራ መኪና ለመንዳት ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ለመጠቀም የማይችል ሰው፣ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ፣ ለእርሱ ጉዳት የተስተካከለ መኪና ያለ ቀረጥና ያለ ታክስ ያስገባል።

ልብ ማለት የሚገባው፣ መንግሥት እዚህ ላይ ገንዘብ አልሰጠም። የተወው ታክስ ነው። መኪናውን የሚገዛበትን ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪውን፣ የመርከቡን ኪራይ፣ የጂቡቲን ወደብ ወጪ ሰውየው ራሱ ማግኘት አለበት። በእንግሊዝ አገር ሞታቢሊቲ የሚባል ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ድርጅት አለ፤ አካል ጉዳተኛው ከመንግሥት በየወሩ የሚከፈለውን የመንቀሳቀሻ አበል ለድርጅቱ ያስተላልፋል፣ በምትኩ ኢንሹራንስና ጥገና የተካተተበት አዲስ መኪና በኪራይ ይይዛል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ሥራ ቢለቅም መኪናው አይነጠቅበትም። የእኛው ግን ያለው ሰው የሚጠቀምበት መብት ነው። የሌለው ሰው መብቱን ከመሸጥ ሌላ ምን ያደርግበታል? ደላላው የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን የተወው ደግሞ ሥርዓቱ ራሱ ነው። ስሙን የሸጠውን ሰው ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

የታክሱ ክብደትና መቅለል

የመብቱ ዋጋ የሚለካው ሌላው ሰው በሚከፍለው ታክስ ነው። ለስሌት እንዲቀልል ጂቡቲ ሲደርስ 1 ሚሊዮን ብር የወጣበትን መኪና እንውሰድ። ሞተሩ ከ1300 እስከ 1800 ሲሲ የሆነ፣ አዲስ የቤንዚን አውቶሞቢል ነው እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ በነበረበት ጊዜ 350 ሺህ ብር ይጨመርና 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ይሆናል። በዚያ ላይ 60 በመቶ ኤክሳይዝ፣ ማለትም 810 ሺህ ብር ሲታከል 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ይደርሳል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ 324 ሺህ ብር። በመጨረሻ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ 248 ሺህ 400 ብር። ድምሩ 2 ሚሊዮን 732 ሺህ 400 ብር ነው። ታክሱ ብቻ 1 ሚሊዮን 732 ሺህ 400 ብር መሆኑ ነው፤ ከመኪናው ዋጋ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ስለጣለ፣ ከቀረጥ ነፃ የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ጊዜ ወርቅ ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ተከተሉ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ (ዶ/ር) የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ።

ያው የ1 ሚሊዮን ብር መኪና ኤሌክትሪክ ሲሆን በ2014ቱ ውሳኔ ስሌት ማንኛውም ሰው የሚከፍለው ቀረጥ 150 ሺህ ብር ነው። የአካል ጉዳተኛው መብት ከ1 ሚሊዮን 732 ሺህ ብር ወደ 150 ሺህ ብር ወረደ ማለት ነው። መኪናው እዚህ የተገጣጠመ ከሆነ መብቱ ከናካቴው ዋጋ የለውም፤ ያልተጣለ ቀረጥ ማንም አይምርም።

ለደላላውም ለነጋዴውም ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ቀድሞ ስም ገዢው 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ያተርፍ ስለነበር ለባለ ስሙም ለደላላውም ለመወርወር የሚበቃ ነበረው። አሁን 150 ሺህ ብር ለሦስት ሲካፈል ምን ይቀራል? ለዚህች ብሎ 1 ሚሊዮን ብር ያወጣበትን ንብረት በሰው ስም ማስመዝገብ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ የሌለበትን መኪና መንዳት፣ ባለ ስሙ ቢሞት ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት መቆም አለበት። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 በልዩ መብት የገባ ዕቃ ቀረጡና ታክሱ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው እንዳይተላለፍ ይከለክላል። ውክልና ይህን አይሽረውም። ሰነዶች ማረጋገጫ የሚታተምበት ማኅተም ውክልናውን ያጸናል እንጂ መብቱን አያስተላልፍም። ነገሩ ሲወጣ ጉምሩክ በመጀመሪያ የሚጠራው ደግሞ ነጂውን አይደለም፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ደመወዝተኛው። በጅግጅጋ በአንድ የግል ድርጅት 30 ሺህ ብር የሚከፈለው የሒሳብ ሠራተኛ አለ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መጣኔ 8 ሺህ 450 ብር ግብር፣ 2 ሺህ 100 ብር የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበትና 19 ሺህ 450 ብር ይዞ ይገባል። የ1 ሚሊዮን ብሩን መኪና በአምስት ዓመት ከፍሎ ለመጨረስ፣ አንድ ሳንቲም ወለድ ወይም ትርፍ ሳይጨመርበት፣ በወር 16 ሺህ 666 ብር ያስፈልገዋል። ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚተርፈው 2 ሺህ 784 ብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ 1 ሚሊዮን ብር ዛሬ ምን ያህል ትንሽ መኪና እንደሚገዛ መንገር አያስፈልግም።

በሶማሌ ክልል ሰው ከወለድ ይሸሻል፤ ስለዚህ ሙራባሃ ይጠየቃል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጅግጅጋ የሆነው ሸበሌ ባንክ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ነው። በሙራባሃ ባንኩ መኪናውን ራሱ ይገዛና ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ከቀረጥ ነፃው መኪና እዚህ ላይ ይደናቀፋል። መብቱ የአካል ጉዳተኛው እንጂ የባንኩ አይደለም፤ ባንኩ ልግዛና ልሽጥ ቢል መብቱ የለውም። በዋስትና ልያዘው ቢልም ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር መኪናውን ለመሸጥ በመጀመሪያ የተማረውን ቀረጥ መክፈል ይኖርበታል። ማንኛውም የባንክ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ሌላ መያዣ አምጣ ማለቱ አይቀርም። ሌላ መያዣ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም።

የመሥሪያ ቤቱ ቁልፍ

ታዲያ የአሠሪው መኪና ይሻላል ማለት ነው? የትኛው አሠሪ ነው የሚለው ይቀድማል። በጅግጅጋ "የመሥሪያ ቤት መኪና" ሲባል በአብዛኛው የክልሉ ቢሮ ወይም የርዳታ ድርጅት መኪና ነው። የርዳታ ድርጅቱ ላንድ ክሩዘር ራሱ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው፤ የጉዞ መዝገብ አለው፣ ሾፌር አለው፣ ለግል ጉዳይ አይወጣም። ከፍታው ለሰው ሠራሽ እግር አይመችም፣ ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ነው፣ ማርሹ በእጅ ነው። ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ይህ መኪና አልተሰጠውም፤ የተሰጠው ወንበር ነው። ጠዋት ሰርቪስ ይወስደዋል፣ ማታ ይመልሰዋል፣ ቅዳሜ ልጁን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ባጃጅ ይጠራል። እንዲህ ያለውን ከግል መኪና ጋር ማወዳደር አይቻልም።

የሚወዳደረው አስመጪው፣ ባንኩ፣ የኮንስትራክሽን ድርጅቱ፣ የትራንስፖርት ማኅበሩ በሠራተኛው እጅ የሚያስቀምጠው መኪና ነው። ግብሩን እንይ። በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ለግል ጥቅም የሰጠው መኪና በዓይነት የተገኘ ገቢ ተብሎ ይታሰባል፤ ወርኃዊ ዋጋው መኪናው የተገዛበት ገንዘብ 5 በመቶ ለ12 ተካፍሎ ነው። ድርጅቱ መኪናውን በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ቢገዛው በወር 10 ሺህ ብር ገቢ ይሆናል። በ35 በመቶ ሲታሰብ ግብሩ 3 ሺህ 500 ብር ነው፤ ነገር ግን ደንቡ በዓይነት በሚገኝ ጥቅም ላይ የሚጣለው ግብር ከደመወዙ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ስለገደበ፣ የ30 ሺህ ብር ደመወዝተኛው የሚቆረጥበት 3 ሺህ ብር ነው።

3 ሺህ ብርና 16 ሺህ 666 ብር። በዚያ ላይ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ ቦሎው፣ ጋራዡ የድርጅቱ ነው። ካፒታል ለሌለው ደመወዝተኛ ከዚህ በኋላ የሚያከራክር ነገር ያለ አይመስልም።

ግን አለ። የአሠሪ መኪና ማሰሪያም ነው። ጤነኛው ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ቢጣላ መኪናውን አስረክቦ በእግሩ ይወጣል። አካል ጉዳተኛው ግን መኪናውን ሲያስረክብ እግሩንም አብሮ ነው የሚያስረክበው፤ በማግሥቱ ሌላ ሥራ ለመፈለግ የሚሄድበት የለውም። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ደመወዝ ሳይጨምር አምስት ዓመት ሊያቆየው ይችላል። በስሙ መኪና ያለው ሰው ይህ አያገኘውም፤ የግል መኪና ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፣ በብር ለማስላት ያስቸግራል እንጂ እውነተኛ ዋጋ አለው። ስለዚህ የአሠሪው መኪና የሚሻለው በቃል ሲሰጥ አይደለም፤ በውል ሲሰጥ ነው።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። በእጅ የሚሠራው ፍሬንና የነዳጅ መስጫ ወይም ሌላው ማስተካከያ በድርጅቱ ወጪ ይገጠማል ይበል። መኪናው ለሌላ ሠራተኛ እንዳይዞር ይጻፍበት፤ ለአንድ ሰው ጉዳት የተስተካከለን መኪና "ለአንድ ሳምንት እንዋስህ" ማለት ሰውየውን ለአንድ ሳምንት አልጋ ላይ ማዋል ነው። ከሁሉ በላይ ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲሰናበት መኪናውን በመዝገብ ዋጋው የመግዛት ቅድሚያ ይኑረው። በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ የሚይዝ ድርጅት የ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብሩን መኪና በአራተኛው ዓመት መጨረሻ በመዝገቡ የሚያገኘው በ960 ሺህ ብር ነው። ከሥራ ስንብት ክፍያና ከቁጠባ ጋር ለዚህ ገንዘብ ባንክ ማነጋገር ይቻላል፤ ቀረጡ የተከፈለበት መኪና ስለሆነም ባንኩ በመያዣነት አይሸሸውም።

የጅግጅጋ ባለሀብት እዚህ ላይ "ይህን ሁሉ ለምን ላድርግ?" ሊል ይችላል። አንደኛው መልስ ሕጉ ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል፤ ከአቅም በላይ ሸክም ካልሆነ በቀር። መኪና ለእያንዳንዱ ድርጅት ከአቅም በላይ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ለሥራ አስኪያጁ ሁለት መኪና የገዛ ድርጅት ግን ለመከራከር ይቸገራል። ሁለተኛው መልስ ገበያው ነው። በቶጎ ውጫሌና በበርበራ መስመር የሚሠራ አስመጪ ሶማልኛም አማርኛም የሚያውቅ፣ የጉምሩክ ወረቀት የሚያነብ፣ የሚታመን የሒሳብ ሠራተኛ እንደ ልብ አያገኝም። ያገኘው ሰው እግሩ ስለተጎዳ ወይ ሊያጣው ወይ በመኪና ሊያቆየው ነው። የመኪናው ወጪ ከዚህ አንጻር ይታይ።

ከሐርጌሳ የሚመጣው

በዚህ አካባቢ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ በጋዜጣ አለመጻፉ የለም አያሰኘውም። ሐርጌሳ ውስጥ የሚነዱት መኪኖች በአብዛኛው ከጃፓን በዱባይ በኩል የሚመጡ፣ መሪያቸው በቀኝ የሆነ፣ አገልግሎት የሰጡ መኪኖች ናቸው። ዋጋቸው ርካሽ ነው፤ ለአካል ጉዳተኛው ደግሞ ልዩ ማማለያ አላቸው፦ ካምቢያቸው አውቶማቲክ ነው። ግራ እግሩን ያጣ ሰው ያለ ምንም ማስተካከያ ሊነዳቸው ይችላል። "ለምን ሦስት መሥሪያ ቤት እመላለሳለሁ፣ አንዱን ድንበር ላሻግረው" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ጉምሩክ ይፈርድበታል። ኮንትሮባንድ መኪናውን ያስወርሳል፣ ሰውየውንም ያሳስራል። ሊብሬ የሌለው መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አይገባም፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ያለ እርሱ መንዳትን ይከለክላል። አንድ ቀን እግረኛ ቢገጭ ካሣው ከኪሱ ነው። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና በቀኝ በኩል በሚነዳበት መንገድ ላይ የጫት መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሲወጣ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ የሐረርን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከማርዳ ወዲያም አይሻገርም፤ የሚያገለግለው ከተማ ውስጥ ተደብቆ ነው። ለሥራ መሣሪያነት ይህ አይበቃም።

ኤሌክትሪኩ ጅግጅጋ ሲደርስ

በሁለቱም መንገድ፣ በመብቱም ይምጣ በአሠሪው፣ ከውጭ አዲስ የሚገባው መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፣ የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ ኃይል መስጠትና ማቆም ብቻ ነው። የእጅ መቆጣጠሪያ ለመግጠም ከዚህ የሚቀል መኪና የለም። ነዳጅ በጠፋበት ቀን ማደያ ላይ ወረፋ መቆም ለክራንች ሰው ስቃይ ነው፤ ይህም ይቀርለታል።

ችግሩ ከጅግጅጋ ነው። ቶጎ ውጫሌ ደርሶ መልስ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሌሊት የሞላ መኪና በቀላሉ ይወጣዋል። ድሬዳዋ ግን በአንድ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማርዳን መውጣትና የሐረርን ዳገት መታገል አለበት፤ ሲመለስም ያው ነው። ወደ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያ ጉዞ በአውሮፕላን ይሁን። በጅግጅጋ መብራት የሚጠፋበት ሌሊት አለና መኪናው ጠዋት ባዶ ሊገኝ ይችላል። የራሱ ጄኔሬተርና በቂ ኃይል ያለው ቆጣሪ ያለው ድርጅት ይህን ይቋቋመዋል፤ በኪራይ ግቢ የሚኖር ደመወዝተኛ ግን ከአከራዩ ጋር በቆጣሪ መጣላቱ ነው። በሽንሌ፣ በኤረርና በደወሌ ለሚሠራው ደግሞ የቆላው ሙቀት ይጨመርበታል፤ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ይህም ሚዛኑን ወደ አሠሪው መኪና የሚያዘነብል ነው።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይያዝ? የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ግቢና የራሱ ገንዘብ ያለው አካል ጉዳተኛ ነጋዴ በመብቱ ያስገባ። 150 ሺህ ብርም ቢሆን ብር ነው፤ መኪናው የእርሱ ነው፣ ማንም አይነጥቀውም። ደመወዝተኛው ግን የአሠሪውን መኪና በውል ይያዝ፤ መብቱንም ሳይጠቀምበት ያቆየው እንጂ አይሽጠው። የኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ቅናሽ አገሪቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለመሳብ የተሰጠ ማባበያ ነው፤ መንግሥት ገቢ ሲፈልግ ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ኤክሳይዙንም በአንድ ደብዳቤ ሊመልሰው ይችላል። ታክሱ በተመለሰ ቀን የአካል ጉዳተኛው መብት በዚያው ልክ ይከብዳል። ዛሬ በጥቂት ሺህ ብር ስሙን የሸጠ ሰው ያን ቀን በእጁ ምንም የለም፤ አንድ ጊዜ በስሙ መኪና የገባለት በማግሥቱ ሌላ ልጠይቅ ቢል ማንም አይሰማውም። ለመግዛት የቆረጠም ቢሆን ከመፈራረሙ በፊት በዚያው ሳምንት የሚሠራበትን መጣኔ ከጅግጅጋ ጉምሩክ ጠይቆ ይረዳ እንጂ የደላላ ቃል አይመን።

የገንዘብ ሚኒስቴር በበኩሉ መብቱ ባዶ እየሆነ መሄዱን ሊያየው ይገባል። ቀረጥ በሌለበት ቀረጥ መማር ርዳታ አይደለም። በምትኩ በአገር ውስጥ ከተገጣጠመ መኪና ላይ ለአካል ጉዳተኛው የተወሰነ የዋጋ ድጎማ ማድረግ ይቻላል። መብቱ ለባንክ በሙራባሃም ሆነ በብድር እንዲተላለፍ መፍቀድ፣ የእጅ መቆጣጠሪያና መለዋወጫውን ለብቻው ከቀረጥ ነፃ ማድረግም ይቻላል። ከሦስቱ ቀላሉ የመጨረሻው ነው፤ በእጅ የሚሠራ ፍሬን ዋጋው ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን በጅግጅጋ ለሠራተኛው መኪና ያዘዘ አሠሪ መቆጣጠሪያው አዲስ አበባ ሳለ ተገጥሞ፣ ሠራተኛው ራሱ ሄዶ ተቀምጦበት፣ ነድቶ ሞክሮት፣ ከዚያ በኋላ ማርዳን ይሻገር። ተገጥሞ ያልመጣ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ የሥራ አስኪያጁ ልጅ የሚነዳው ይሆናል።